ደሴ ላይ ሆኖ የዳይኖሰር እንቁላል እንዴት ይጠናል?

የዳይኖሰር እንቁላል ለማጥናት የግድ ሞንጎሊያ መሄድ የለባችሁም። ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። ዋናዋ ማነጻጸሪያ ጓሮ ውስጥ እየጫረች ነው። ወፎች ከዳይኖሰሮች የወጡ ናቸው፤ እንዲያውም በዛሬው የሳይንስ አመዳደብ ዶሮ ራሷ ዳይኖሰሮች ሲጠፉ የተረፈው የዳይኖሰር ወገን ናት። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች 70 እና 80 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የቅርፊት ስባሪ ሲያገኙ መጀመሪያ ከወፍና ከአዞ እንቁላል ጋር የሚያስተያዩት። አዞ ደሴ የለም። ዶሮ ግን አለች፣ እንቁላሏም ሰኞ ገበያ ይሸጣል።

ይህን ስጽፍ የማስበው የባዮሎጂ ተማሪዎችን፣ የሳይንስ ክበብ የሚመሩ መምህራንን፣ እንዲሁም ልጃቸው ስለ ዳይኖሰር ጠይቆ ጠይቆ አልበቃ ያለው ወላጆችን ነው። ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥቂት እንቁላል፣ ማስመሪያ፣ ማጉያ መነጽር፣ የስልክ መብራት፣ አቼቶ እና ደብተር ይበቃል። እንቁላሉ የሐበሻም የፈረንጅም ቢቀላቀል ጥሩ ነው፣ ልዩነቱ ራሱ ያስተምራል። ማጉያ መነጽር ካጣችሁ ስልካችሁን አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን አስፉት፤ ይሠራል። ልጅ የሚበዛበት ክበብ ከሆነ ደግሞ ጾም ሲገባ ጀምሩ፣ ያኔ እንቁላል ይረክሳል።

የወላጁን ስም መጨረሻ ላይ ጥሩ

እንቁላል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ለምን እንደሆነ በዚህ ታሪክ ታዩታላችሁ።

በ1923 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በሮይ ቻፕማን አንድሩስ የሚመራ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን ጎቢ በረሃ ውስጥ፣ ባያንዛግ ከሚባለው ቀይ ገደል አጠገብ ሞላላ እንቁላሎች አገኘ። አካባቢው ፕሮቶሴራቶፕስ በሚባል ቅጠል በል ዳይኖሰር አጥንት የተሞላ ነበር። እንቁላሎቹም የእሱ ናቸው ተባለ። ከአንዱ ጎጆ በላይ ግን ሌላ ዳይኖሰር ሞቶ ተገኘ፤ ጥርስ የሌለው፣ ምንቃር ያለው። ሊሰርቅ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው ብለው ገመቱ። በ1924 ኦቪራፕተር፣ ማለትም እንቁላል ሌባ፣ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ሰባ ዓመት አለፈ። በ1993 እዚያው ሞንጎሊያ፣ ኡኻ ቶልጎድ በሚባል ቦታ፣ ያው ዓይነት እንቁላል ተገኘ፣ ውስጡ ግን የሽል አጥንት ነበረው። ሽሉ ፕሮቶሴራቶፕስ አልነበረም። የኦቪራፕተር ቤተሰብ ነበር። በ1995 ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ፣ ሲቲፓቲ የተባለ ዳይኖሰር፣ እግሮቹን አጥፎ፣ ክንዶቹን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ዘርግቶ፣ እንደታቀፈ አሸዋ የቀበረው አጽሙ ይፋ ሆነ። ሌባ የተባለው ወላጅ ሳይሆን አልቀረም። ስሙ ግን በሳይንሳዊ አሰያየም ደንብ አይቀየርም። በልጆቹ ላይ ሞቶ ሌባ ተብሎ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቅርፊት። ከዚያ የእንቁላሉ ቅርጽ። ከዚያ በጎጆው ውስጥ የተደረደረበት መንገድ። ከዚያ ሽል። ወላጁ መጨረሻ። ሽል ያልተገኘበት እንቁላል፣ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ እንዳለ ካልተገኘ በቀር፣ የማን ነው ተብሎ አፍ ሞልቶ አይነገርም። ተመራማሪዎቹም ይህንን አውቀው ለእንቁላል ለብቻው ስም ያወጣሉ፦ ሜጋሎኦሊተስ፣ ስፌሮኦሊተስ፣ ኤሎንጋቶኦሊተስ። እነዚህን ስሞች ስታነቡ የእንቁላል ዓይነት ስሞች እንጂ የእንስሳ ስሞች እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል።

ቅርፊቱ

ለዶሮ ወጥ እንቁላል ሲላጥ ቅርፊቱ እንዳይጣል ንገሩ። ለውስጡ ሥራ ደግሞ ከጥሬ እንቁላል የተረፈ ቅርፊት ይሻላል። በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

አንዱን ስባሪ ያዙና ጠርዙን በማጉያው እዩ። ከውስጥ በኩል ስስ ገለፈት ተለጥፎበታል፣ በጥፍራችሁ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ግፈፉት። ከሥሩ ያለው ገጽ ልሙጥ አይደለም። ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት። ቅርፊቱ መሠራት የጀመረው ከእነዚህ ጉብታዎች ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት እዚያ ላይ መከማቸት ይጀምርና ወደ ውጭ እያደገ ይሄዳል። ጠንካራ ቅርፊት የነበራቸው ዳይኖሰሮችም እንቁላል የተሠራው በዚሁ ማዕድን፣ በካልሳይት ነው። ጫጩቷ እያደገች ስትሄድ ለአጥንቷ የሚሆን ካልሲየም ከእነዚህ ጉብታዎች ጫፍ ላይ ትወስዳለች። በዚህ የተነሳ የተፈለፈለ እንቁላል ጉብታዎች ተበልተው ይታያሉ። ተመራማሪዎች በጥንት ቅርፊት ላይም ይህንኑ በማይክሮስኮፕ ይፈልጋሉ፤ አጥንት ባይገኝ እንኳ ውስጡ ሽል አድጎ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል። እናንተም የተፈለፈለ ቅርፊት ከአንድ ቤት ለምኑና ከወጥ ቤቱ ቅርፊት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። በማጉያ መነጽር ብቻ ልዩነቱን ማየት ይከብዳል፣ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካለ ግን ይቀላል።

ውፍረቱን ለኩ። በማስመሪያ አንዱን ብቻ መለካት አይቻልም፣ ስስ ነው። አሥር ትናንሽ ስባሪ ደራርባችሁ ለኩና ለአሥር አካፍሉ። የዶሮ ቅርፊት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የቲታኖሰር፣ ማለትም አንገተ ረጅሞቹ ግዙፍ ዳይኖሰሮች፣ ቅርፊት ከ1 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ይህ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ጥሬ እንቁላል ሙቅ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ የፈላ አይሁን፣ ይሰነጠቃል። ትንሽ ጠብቁ። ከወፍራሙ ጫፍ በኩል ጥቃቅን የአየር አረፋዎች እየተከታተሉ ይወጣሉ። እዚያ ጫፍ ላይ የአየር ክፍተት አለ፣ ሲሞቅ ይነፋና አየሩ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይወጣል። አንድ የዶሮ እንቁላል በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ሽሉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፣ ውሃም የሚተነው በእነሱ ነው።

ይህ ለዳይኖሰር ጥናት ትልቅ ነገር ነው። መሬት ውስጥ ወይም በበሰበሰ ቅጠል ስር የሚቀበር እንቁላል ዙሪያው እርጥብ ስለሆነ መድረቅ አያሰጋውም፣ አየር ግን ያጥረዋል፤ ስለዚህ ብዙ ቀዳዳ ይኖረዋል። እንደ ዶሮ ክፍት ጎጆ ላይ የሚቀመጥ እንቁላል ደግሞ እንዳይደርቅ ቀዳዳው ያነሰ ነው። በ2015 ኮሄ ታናካ እና ባልደረቦቹ በሕይወት ያሉ ወፎችንና አዞዎችን ከጥንቶቹ ጋር አስተያይተው አብዛኞቹ ዳይኖሰሮች ይቀብሩ እንደነበር፣ የኦቪራፕተር ወገኖችና ትሮዶን የመሳሰሉ ለወፍ የቀረቡት ግን እንቁላላቸውን ክፍት ይተዉ እንደነበር አሳይተዋል። ጎጆው ጠፍቶ ስባሪ ብቻ ቢቀር እንኳ ቀዳዳው ስለ ጎጆው ይናገራል ማለት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ዘመድ ላላችሁ አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። በአንድ ቀን የተጣሉ እንቁላሎች ለሁለት ከፍላችሁ በሁለቱም ከተማ አስቀምጡና በትንሽ ዲጂታል ሚዛን በየቀኑ መዝኑ። ሁሉም ክብደት ይቀንሳሉ፣ ውሃ እየተነነ ነው። ከዚያ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፦ የኮምቦልቻው ቶሎ ቢቀንስ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በቀዳዳዎቹ ለመውጣት ይቀለዋል። ሁለቱ ምክንያቶች ይጋጫሉ። ሙቀቱን እኩል ካላደረጋችሁ የከፍታውን ድርሻ መለየት አትችሉም። ልጆቹ ይህንን ራሳቸው እንዲደርሱበት ተዉአቸው፣ አትንገሯቸው።

አቼቶውን ደግሞ ለዚህ ተጠቀሙ። ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ እስኪሸፍነው አቼቶ አፍስሱበት። ወዲያው አረፋ ይለብሳል። በማግስቱ አቼቶውን ቀይሩ። በሁለተኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ ሟሙቶ ያልቅና በገለፈቱ ብቻ የተያዘ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ እንቁላል ይቀራል። አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ነገር መቶ ዓመት የፈጀ እንቆቅልሽ መልስ ነው። የፕሮቶሴራቶፕስ አጥንት እንደዚያ ሞልቶ እንቁላሉ ለምን ጠፋ? በ2020 ማርክ ኖሬል እና ባልደረቦቹ የፕሮቶሴራቶፕስና ሙሳውረስ የሚባል የሌላ ዳይኖሰር እንቁላል ለስላሳ ቅርፊት እንደነበረው አስታወቁ። ለስላሳ ነገር ቶሎ ይበሰብሳል፣ ድንጋይ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ጠንካራው እንቁላል ብቻ ስለተረፈልን ሁሉም ጠንካራ ነበር ማለት አንችልም።

ቅርጽና አደራደር

ይህን ክፍል አላስረዝመውም። ርዝመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ፣ ርዝመቱን ለወርዱ አካፍሉ። መልሱ ለ1 በቀረበ ቁጥር እንቁላሉ ክብ ነው። አርጀንቲና ውስጥ፣ በ1997 በተገኘው አውካ ማዌቮ በሚባል ቦታ ያሉት የቲታኖሰር እንቁላሎች ክብ ናቸው፣ ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሰጎን እንቁላል ያህል ማለት ነው፣ እናትየው ግን ብዙ ቶን የምትመዝን። እንቁላል እየተለቀ ሲሄድ ቅርፊቱም እንዳይሰበር መወፈር አለበት፣ ሲወፍር ደግሞ አየር ማስገባቱም ለጫጩቱ መሰበሩም ይከብዳል። ለዚህ ነው እንቁላል እንደ እናትየው ልክ የማይተልቀው። የኦቪራፕተር ወገኖች እንቁላል ግን ሞላላ ነው፣ ርዝመቱ ከወርዱ ከእጥፍ በላይ።

አደራደሩ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዶሮ አንድ የእንቁላል ቱቦ ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ የግራውን። ስለዚህ አንድ አንድ ትጥላለች። የኦቪራፕተር ወገኖች እንቁላል ግን ጎጆው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በክብ ተደርድሮ፣ መሐሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ቱቦ ይሠራ ነበር የሚለው ግምት ከዚህ መጣ። በ2005 ቻይና ውስጥ በዳሌዋ ውስጥ ጥንድ እንቁላል እንደያዘች የሞተች እናት ይፋ ስትሆን ግምቱ ተረጋገጠ። መሐሉ ባዶ የሆነው ደግሞ ወላጁ የሚቀመጥበት ስለሆነ ነው፤ ዝርያው በገዘፈ ቁጥር ባዶው ቦታ ይሰፋል፣ ክብደቱ እንቁላሉ ላይ እንዳያርፍ። እንቁላሎቹን በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠን ሳሏቸው፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መሬት ላይ በክብ ደርድሯቸው። ያኔ ነው ነገሩ የሚገባው።

የታቀፈች ዶሮ ካገኛችሁ

ጎረቤት ያሉ እናት ዶሮ ካስታቀፉ ዕድለኞች ናችሁ። ሂዱና በትሕትና ጠይቁ፦ "እማማ፣ ዶሮዎ መቼ ነው የታቀፈችው? ስንት አስታቀፏት? የማይሆነውን እንቁላል በምን ይለዩታል?" የሚነግሯችሁን ሁሉ ጻፉ። ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ ያስታቀፉ ሰዎች መጽሐፍ ላይ የማታገኙትን ያውቃሉ።

ዶሮዋን አትረብሿት። ልትበላ ስትነሳ ብቻ ጠጋ በሉና የጎጆውን ወርድ ለኩ፣ እንቁላሎቹ እንዴት እንደተቀመጡ ሳሉ። ስትመለስ ከራቅ ብላችሁ ምንቃሯን ተከታተሉ፤ እንቁላሎቹን እየገፋች ታገላብጣለች። እንቁላሉ ሲገላበጥ አስኳሉ ለምን ከቦታው እንደማይለቅ ለማየት ጥሬ እንቁላል ሰሃን ላይ ስበሩ። አስኳሉን ግራና ቀኝ የያዘ፣ የተጠማዘዘ ነጭ ክር ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት አውጥቶ ይጥለዋል። ያ ክር እንቁላሉ ሲገላበጥ አስኳሉን መሐል ላይ ይይዘዋል። የአዞ እንቁላል ይህ ክር የለውም፣ አይገላበጥምም። የኦቪራፕተር ወገኖችና የትሮዶን እንቁላል ግን በከፊል አፈር ውስጥ ተተክሎ ስለሚገኝ ወላጁ ሊያገላብጠው አይችልም ነበር። ይታቀፉ ነበር፣ አያገላብጡም ነበር። ከአዞ ወደ ወፍ በሚወስደው መንገድ መሐል ላይ የቆሙ ናቸው፣ እኔን ከዳይኖሰሮች ሁሉ ይበልጥ የሚስቡኝም ለዚህ ነው።

ባለቤቷ ከፈቀዱ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ አንድ እንቁላል ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ውሰዱና የስልክ መብራት ከወፍራሙ ጫፍ ስር አድርጉ። ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው ታያላችሁ። ቶሎ መልሱት፣ እንዳይቀዘቅዝ፣ በተለይ የደሴ ማታ አይታመንም። ሕይወት ያለውን እንቁላል ለማየት ብላችሁ በፍጹም አትስበሩ። ሳይፈለፈል የቀረውንም አትክፈቱ፣ የገማ እንቁላል ሊፈነዳ ይችላል። እንቁላልና ጎጆ በነካችሁ ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። የዳይኖሰርስ? በ2017 ግሪጎሪ ኤሪክሰን እና ባልደረቦቹ የሽል ጥርስ ውስጥ በየቀኑ የሚጨመሩ ጥቃቅን መስመሮችን ቆጥረው ፕሮቶሴራቶፕስ ሦስት ወር ገደማ፣ ሂፓክሮሰረስ የሚባለው ትልቁ ደግሞ ስድስት ወር ገደማ እንቁላል ውስጥ ይቆይ እንደነበር አሳይተዋል። ስድስት ወር ሙሉ ጎጆ መጠበቅ፣ በጎርፉም በድርቁም፣ እንቁላል በሚበሉ አራዊት መሐል። እስቲ አስቡት።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩቷ ራሷን ወደ ቀኝ ክንፏ ስር አስገብታ ትጠቀለላለች፣ ለመውጣት ነው። ይህን ካላደረገች ብዙ ጊዜ ሳትወጣ ትሞታለች። በ2021 ቻይና፣ ጋንዡ ከተባለ ቦታ የተገኘ አንድ ሽል ይፋ ሆነ፤ ቤቢ ዪንግሊያንግ ይሉታል። እንቁላሉ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሽሉ ቢዘረጋ 27። ራሱን ከሆዱ በታች ዝቅ አድርጎ፣ እግሮቹን ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ጀርባውን በወፍራሙ ጫፍ በኩል አጉብጦ ተኝቷል። ፎቶውን ፈልጋችሁ ከጫጩት ሥዕል አጠገብ አድርጉት።

ጫጩቶቹ

እዚህ ላይ ሁለት ወፍ ያስፈልጋችኋል፣ ዶሮና ርግብ። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለች ማግስት እናቷን ተከትላ ትሮጣለች። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የምትፈለፈለው የርግብ ጫጩት ግን ዓይኗ አልተከፈተም፣ ላባም የላትም፣ ወላጆቿ ካላጎረሷት አለቀላት። የዳይኖሰር ልጆችስ ከየትኛው ወገን ነበሩ?

መልሱ አንድ አይደለም። በ1978 ሞንታና ውስጥ ማሪዮን ብራንድቮልድ የተባለች የድንጋይ መሸጫ ባለቤት ያገኘቻቸውን ትናንሽ አጥንቶች ዳይኖሰር ለሚያጠኑት ለጃክ ሆርነርና ለቦብ ማኬላ አሳየቻቸው። ከዚያ የተነሳ ጎጆ ተገኘ፣ ውስጡ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ልጆች። ጥርሳቸው በምግብ ያለቀ ነበር። ተፈልፍለው ወዲያው የሄዱ ቢሆን እንደዚያ አድገው ጎጆ ውስጥ ባልተገኙ ነበር፤ ስለዚህ ወላጅ ምግብ ያመጣላቸው ነበር ተባለ። ማያሳውራ ይባላሉ። ጎጆዎቹ በ7 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ ተሰብስበው ይጥሉ እንደነበር ያሳያል። እግራቸው ለመሮጥ አልደረሰም ነበር በሚለው ላይ ግን ሁሉም አልተስማማም፣ ክርክሩን ለሁለት ተከፍላችሁ ብትከራከሩበት ጥሩ ነው።

በአህጉራችንም አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጎልደን ጌት በተባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ጄምስ ኪችንግ በ1976 ያገኛቸው ማሶስፖንዲለስ የሚባለው ዳይኖሰር እንቁላሎች ወደ 190 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው። ሽሎቹ የተገለጹት በ2005 ነው። በ2012 ደግሞ እዚያው ቢያንስ 10 ጎጆ መገኘቱ ተነገረ፣ ከጎጆዎቹ አጠገብም የልጆቹ ትናንሽ ዱካዎች። ከዱካው መጠን እንደተረዱት ልጆቹ ሲፈለፈሉ ከነበሩት እጥፍ እስኪሆኑ ከቦታው አልራቁም። የዳይኖሰር ጎጆ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው አሜሪካና ቻይና ይሄዳል፣ ይህን ግን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ለክበብ የሚሆን ልምምድ

ሰፋ ያለ ሳጥን አሸዋ ሙሉ። አንዱ ቡድን ቅርፊት ይበትንበት፦ የተወሰነውን ሳይነካካ ጎጆ አድርጎ፣ የተወሰነውን በጆግ ውሃ አንደርድሮ። ሌላው ቡድን ሳጥኑን በክር በአሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር ካሬ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ስባሪ ሳያነሳ ይመዝግብ። ዋናው የሚመዘገበው ጎድጓዳው ጎን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው ነው። በተፈለፈለበት ቦታ የቀረ ቅርፊት ውስጥ ጎድጓዳው ወደ ላይ የሆነው ይበዛል፤ ውሃ የወሰደው ግን በአብዛኛው ተገልብጦ በጎድጓዳው ይደፋል፣ እንደዚያ ሲሆን ውሃው አያነሳውም። ተመራማሪዎች ሜዳ ላይ ቅርፊት ሲያገኙ "ጎጆ ነው ወይስ ጎርፍ ያመጣው?" ለሚለው ጥያቄ ይህንን ይቆጥራሉ። ሌላም ፍንጭ አለ፦ ጫጩት ስትወጣ ወፍራሙን ጫፍ ዙሪያውን ሰብራ ክዳኑን ገፍታ ነው፣ የሰረቀ አውሬ ግን የትም ነው የሚበሳው። በዳይኖሰር እንቁላል ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የላይኛው ግማሽ የጠፋው ተፈልፍሎ ሳይሆን በአፈር መሸርሸር ሊሆን ይችላል።

ጦሳ ተራራ ላይ ያገኛችሁት ክብ ድንጋይ

ይህንን ሳልጽፍ ብቀር ትርጉም አይኖረውም፣ ምክንያቱም ክብ ድንጋይ ይዞ "ይኼ የዳይኖሰር እንቁላል አይደለም?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ደሴ አጠገብ ባለው ጦሳም ሆነ አዝዋ ገደል ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። ዳይኖሰሮቹ፣ ከወፎቹ በቀር፣ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ድንጋዩ ሲፈስ እነሱ ከጠፉ 36 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ጎጆም በቀለጠ ድንጋይ ውስጥ አይቀርም።

ታዲያ ለምን ክብ ሆነ? ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ማዕዘኖቹን ከሁሉም በኩል ስለሚያገኛቸው ቶሎ ያበሰብሳቸዋል። መሐሉ ክብ ሆኖ ይቀራል፣ ላዩም እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል። ሰው ያንን ልጣጭ ሲያይ ቅርፊት ይመስለዋል። ግን የእንቁላል ቅርፊት አንድ ስስ ንብርብር ነው፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ነው፣ ከውስጡ ካለው ድንጋይ በግልጽ ይለያል፣ በማጉያ ሲታይም ቀዳዳ አለው። ድንጋዩ ሲሰበር ውስጡ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ከሆነም አስኳል አይደለም፤ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የነበረ የጋዝ ክፍተት በኋላ በማዕድን ተሞልቶ ነው። አቼቶ ጠብ ማድረግ ለብቻው አይበቃም፣ አረፋ ቢያወጣ ካልሳይት አለበት ማለት ነው እንጂ እንቁላል ነው ማለት አይደለም።

መፈለግ የሚያስፈልገው ከባዛልቱ በታች ያለው ደለል ድንጋይ ላይ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ ናርማዳ ሸለቆ፣ 92 ጎጆና 256 እንቁላል መገኘቱ በ2023 ታትሟል፤ እነሱም ከትልቅ የባዛልት ንጣፍ ስር ባለ ደለል ድንጋይ ውስጥ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ዓባይና ገባሮቹ ባዛልቱን ቆርጠው ወደ ዳይኖሰር ዘመን ድንጋይ ወርደዋል። እዚያ፣ የሙገር የጭቃ ድንጋይ በሚባለው ውስጥ፣ የተለያዩ ዳይኖሰሮች ጥርስ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያው ዘገባ በ1999፣ የጥርሶቹ ዝርዝር ጥናት በ2011 ታትሟል። ጥርስ ካለ እንስሳው እዚያ ኖሯል። የኖረ እንስሳ ደግሞ የሆነ ቦታ እንቁላል ጥሏል።

ወደዚያ የሚወስድ ጉዞ ካጋጠማችሁና የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ አታንሱት። ከቦታው የተነሳ ቅሪተ አካል ግማሽ ታሪኩን እዚያው ጥሎ ነው የሚመጣው፣ የትኛው ንብርብር ላይ እንደነበር ማንም ሊመልሰው አይችልም። ማስመሪያ ወይም እስክሪብቶ ከጎኑ አድርጋችሁ ከቅርብ አንድ፣ ከሩቅ አንድ ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ላይ ያለውን የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር ጻፉ። ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ጭቃ ነው አሸዋ የሚለውንም አስፍሩ። ቁፋሮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ እናንተ አትቆፍሩ። ፎቶውንና ማስታወሻውን በቅርብ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አድርሱ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታውቁት የጂኦሎጂ መምህር ካለም መጀመሪያ እሱን አማክሩት። ስታመለክቱም "የዳይኖሰር እንቁላል አገኘን" ብላችሁ አትጻፉ። "ክብ ነው፣ ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስስ ንብርብር አለው፣ እዚህ ድንጋይ ውስጥ ነው" ብላችሁ ጻፉ።